የቤላርሚኖ አፍንጫ የተሳሳተበት ዓርብ

ቤላርሚኖ በአሜሪካ፣ በታምፓ ከተማ፣ በቀይ ጡቡ የሲጋር ፋብሪካ ውስጥ ገና በአሥራ አራት ዓመቱ ጠቅላይ ሆነ። ጠቅላይ ሚኒስትር አይደለም፤ ትምባሆ ጠቅላይ ነው። ሃያ ዓመት ቅጠል ሲጠቀልል ከኖረ በኋላ ግን የፋብሪካው ባለቤት ዶን ሳቱርኒኖ፣ የዚህ ሰው ሀብት ጣቱ ሳይሆን አፍንጫው መሆኑ ገባውና ቅጠል መራጭ አደረገው። ከዚያ ወዲህ ከኩባ በመርከብ የሚመጣ አንድም የትምባሆ እስር እሱ ሳያሸተው ደጃፉን አልፎ አያውቅም። ቅጠሉን በሁለት መዳፉ መሃል ያሞቀዋል፣ እፍ ይልበታል፣ ከዚያ ዓይኑን ጨፍኖ ያሸተዋል። በየትኛው ወንዝ ዳር እንደበቀለ፣ የዚያ ዓመት ዝናብ ቀድሞ ይሁን ዘግይቶ ይነግርሃል። የቺካጎ ነጋዴዎች የዶን ሳቱርኒኖን ፊርማ ማየት አይፈልጉም፤ «ቤላርሚኖ አሽትቶታል ወይ?» ብለው ነው የሚጠይቁት።

ፕሬዚዳንቱ ከኩባ ጋር መነገድ ክልክል ነው ያሉ ዕለት ታምፓ ለሁለት ተከፈለች። ደሴቲቱ ኮሙኒስት ሆናለች፣ ከኮሙኒስት ጋር መገበያየት ጠላትን መቀለብ ነው የሚሉ በአንድ ወገን፤ ትምባሆ ፓርቲ የለውም የሚሉ በሌላ ወገን። የሁለተኛው ወገን ዋና ተከራካሪ ቤላርሚኖ ነው። የመጀመሪያው ወገን አለቃ ደግሞ ከሩቅ አልመጣም፤ የገዛ አማቹ፣ የሚስቱ የኦቲልያ ወንድም ኤቫሪስቶ ነው።

ኤቫሪስቶ ኩባ ውስጥ፣ ፒናር ዴል ሪዮ በሚባለው አውራጃ ከአባቱ የወረሰው የትምባሆ እርሻ ነበረው፤ ተወረሰበት። አንድ ሻንጣና የማያልቅ ንዴት ይዞ ታምፓ ከገባ ዓመት አልፎታል። እሁድ እሁድ ምሳ እነሱ ቤት ነው። የአሳማ ጥብሱ ገና ሳይቆረስ ክርክሩ ይጀመራል።

«መሬቴን የቀሙኝ ሰዎች የሚሸጡትን ቅጠል ነው የምትለምነው?»

«ቅጠሉ ምን አደረገህ?»

«ቅጠል ቅጠል ነው። ከሆንዱራስ አስመጣ፣ ካሻህ ከኢኳዶር። ማን ይለየዋል?»

«እኔ እለየዋለሁ።»

«አንተ እኮ አፍንጫህን እንደ ጳጳስ መስቀል ልታሳልመን ምንም አልቀረህም።»

ኦቲልያ፣ እሷም በዚያው ፋብሪካ ሃያ ሦስት ዓመት የጠቀለለች ሴት፣ ጥቁር ባቄላውን በሩዙ ላይ እየጨለፈች፣ «አገሪቱ ከማን ጋር ትነግድ የሚለውን እናንተ ወስኑ፤ ሳህኑን ማን ያጥባል የሚለውን እኔ እወስናለሁ» ትላለች። ሳህኑን ሁልጊዜ ሁለቱም ያጥባሉ፤ እያጠቡም ይከራከራሉ።

ቤላርሚኖ ግን በምሳ ክርክር ብቻ የሚበቃው ሰው አልነበረም። ለዋሽንግተን ደብዳቤ ጻፈ። የትምባሆ ቅጠል ከእገዳው ይውጣልን የሚል ነው። ከየፋብሪካው፣ ከየፀጉር ቤቱ፣ ሸርጣን እየጠበሰ ከሚያዞረው ሰውዬ ሳይቀር ፊርማ ሰበሰበ፤ ዘጠኝ መቶ ደረሰለት። በደብዳቤው አናት ላይ በትልቁ፣ «ያለ ኩባ ቅጠል የታምፓ ሲጋር የለም፤ የሚጠራጠር መጥቶ በአፍንጫዬ ይፈትነኝ» ብሎ ነበር። ይቺን ዓረፍተ ነገር በጣም ይወዳት ነበር።

ፈታኙም መጣ። ከእገዳው በፊት የገባው ቅጠል እያለቀ ስለነበር ዶን ሳቱርኒኖ ከሆንዱራስ አዲስ ቅጠል አስመጥቷል። ትልቁ ደንበኛው፣ ከቺካጎ የመጣው ሚስተር ሃልቮርሰን፣ ያንን ሊያይ መጣና ገና ያልተላከውን ደብዳቤ አንብቦ ሳቀ። ነገሩንም ግልጽ አደረገው። ቤላርሚኖ አዲሱን ከኩባው መለየት ካቃተው፣ የእሱ ደንበኞችማ በፍጹም አይለዩትምና ለአምስት ዓመት በእጅ የተጠቀለለ ሲጋር ለመግዛት ይፈርማል። ከለየው ግን ልዩነቱን አጫሹም ያውቀዋል ማለት ነው፤ ያኔ ሄዶ ርካሹን የማሽን ሲጋር ይገዛል። ለቤላርሚኖ ካሳ እንዲሆነው በደብዳቤው ላይ ምስክር ሆኖ ይፈርምለታል። ዶን ሳቱርኒኖ ሐሙስ ዕለት ሠራተኞቹን ሰብስቦ፣ ሃልቮርሰን ከሄደ ፋብሪካው እስከ ገና በዓል ድረስ እንኳ መቆየት እንደማይችል ነገራቸው። መቶ ሰማንያ የጥቅለላ ጠረጴዛ ነበር፤ አንዱ የኦቲልያ ነው።

ዓርብ ጠዋት ሦስት እስር ቅጠል በነጭ ጨርቅ ተሸፍኖ ቀረበ። ከሦስቱ አንዱ ብቻ የኩባ ነው። ሥራ ቆመ። ቤላርሚኖ እጁን በጨርቁ ሥር እየሰደደ ከየእስሩ አንዳንድ ቅጠል መዘዘ። አንደኛውን አሞቀ፣ አሸተተ፤ ሆንዱራስ። ሁለተኛው ግን መዳፉ ውስጥ ገና ሳይሞቅ ራሱ ተናገረ። ከልጅነቱ ጀምሮ የሚያውቀው ሽታ ነው። ሦስተኛውን ያሸተተው ለወጉ ያህል ነው። ደህና ቅጠል ነው፤ ክፋት የለበትም፣ ትዝታም የለበትም።

ቀና ሲል ኦቲልያን አያት። ሁሉም እሱን ሲያይ እሷ ብቻ አንገቷን ደፍታ መቁረጫ ቢላዋዋን ትወለውላለች። ማታም ጠዋትም እንዲህ በል ብላ አልለመነችውም። ሁለት ብሎ ቢናገር እውነቱ በአንድ አሜሪካዊ ነጋዴ ምስክርነት ዋሽንግተን ይገባል። ዋሽንግተን ደግሞ መልስ ለመስጠት ስንት ዓመት እንደሚፈጅበት አምላክ ይወቅ፤ ለገና በዓል ግን የቀረው ሦስት ወር ነው።

«ሦስተኛው ነው» አለ። «የኩባው ይሄ ነው።»

«እርግጠኛ ነህ?» አለ ሃልቮርሰን።

«ሠላሳ አራት ዓመት ከትምባሆ ጋር ኖሬያለሁ።»

በዕድሜው ዓይኑን በጨው ታጥቦ ሲዋሽ ይሄ የመጀመሪያው ነበር። ጨርቁ ተገለጠ፤ የኩባው ሁለተኛው ነው። ሃልቮርሰን ሳቀና እዚያው ቆሞ ፈረመ። ጠቅላዮቹ ደስ ሲላቸው እንደ ልማዳቸው ቢላዋቸውን በጠረጴዛው ላይ ያንኳኩ ጀመር፤ መቶ ሰማንያ ቢላዋ። ለእሱ መሳሳት የተሰጠ ጭብጨባ ነው፤ ጆሮውን ቢደፍን በወደደ። ከሰዓት በኋላ ደብዳቤውን ቀደደው። በአፍንጫዬ ፈትኑኝ ብሎ የወደቀ ሰው ምን ብሎ ይልከዋል?

እሁድ ኤቫሪስቶ ወሬውን ሰምቶ፣ ገና ከአጥሩ ጀምሮ እየሳቀ ገባ። ምሳውን ሙሉ አላስቀመጠውም። ጳጳሱ መስቀላቸው ጠፋ አለ፣ አፍንጫህን ለሙዚየም እንስጠው አለ። ቤላርሚኖ ይበላል። በመጨረሻ ኤቫሪስቶ ያ አልታወቅ ያለው የኩባ ቅጠል የታለ፣ እስቲ እኔም ልሳለመው ሲል፣ ቤላርሚኖ ከኪሱ መሀረቡን አውጥቶ ፈታው። ሁለተኛውን ቅጠል እዚያ ጥሎት መምጣት አልሆነለትም ነበር።

ኤቫሪስቶ እየቀለደ በመዳፉ መሃል አሞቀው፣ እየቀለደ እፍ አለበት። ካሸተተው በኋላ ግን አልቀለደም። ደግሞ አሸተተው።

«ይሄ የእኛ አገር ቅጠል ነው» አለ። «ይሄንን ሕፃን ልጅ ይለየዋል።»

«አዎ።»

«አንተም ለይተኸዋል።»

«ቅጠል ቅጠል ነው አላልክም ነበር?»

ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ ነው፤ ኤቫሪስቶም ያንን ሲል የኖረው አፉን ሞልቶ እንጂ ልቡን ሞልቶ አልነበረም። እንባው መጣ፣ በእጁ ጀርባ ጠረገው። ኦቲልያ ጭልፋውን አስቀምጣ ባሏን አየችው፤ ከዚያ ወንበሯን ወደ እሱ አስጠጋችና ትከሻው ላይ ተደገፈች።

«ይሄ ከዚህ ቤት እንዳይወጣ» አለ ኤቫሪስቶ። «ሃልቮርሰን ጆሮ አለው።»

ከዚያ በኋላ ለዓመታት ዶሚኖ በሚጫወቱበት ቤት ያቺን ወሬ ከማንም አብልጦ የሚያወራት ኤቫሪስቶ ሆነ። አዲስ ሰው በመጣ ቁጥር አማቼ ይሄ ነው፣ የኩባን ቅጠል ከሆንዱራስ መለየት ያቃተው ይላል፤ ቤቱ በሳቅ ይሞላል። ሲያወራ ግን ወደ ቤላርሚኖ አያይም። ቤላርሚኖም የዶሚኖ ድንጋዮቹን እየደረደረ አብሮ ይስቃል። በሳቀ ቁጥር ያመዋል።