ለአንድ ጆሮ የተገዛ ትኬት

አባቴ ከሠላሳ ዓመት በላይ ግራና ውስጥ በናፍጣ ወፍጮ ሲሠሩ ኖረዋል። ቀኝ ጆሯቸውን ሞተሩ ቀስ በቀስ ወሰደው፤ ግራውም መድከም ጀምሮ ነበር። ጦርነቱ ወደ እኛ መጥቶ ከሄደ ከጥቂት ወራት በኋላ፣ መርሳ እኔ ጋ ተቀምጠው ሳሉ፣ ደሴ ወስጄ አስመረመርኳቸው። ሐኪሟ የግራ ጆሯቸውን በመብራት ደጋግማ አየችና እኔን ወደ ኮሪደሩ ጠራችኝ። «ዓመት ላይቆይ ይችላል» አለች። «ሊሰሙት የሚወዱት ነገር ካለ አሁኑኑ አሰሟቸው።»

ስንመለስ ሚኒባሱ ውርጌሳ ላይ ጎማ ሊቀይር ቆመ። ወደ ጆሯቸው ጠጋ ብዬ ጮህኩ። እኛ ቤት ምስጢርም የሚነገረው በጩኸት ነው።

«አባየ፣ አሁን ምን መስማት ያምርዎታል?»

ቁርአን ይሉኛል ብዬ ነበር።

«ቁርአኑን በልቤ ይዤዋለሁ፤ እሱ የትም አይሄድብኝ» አሉ። «አምባሰል ነው የሚያምረኝ። በሬዲዮ አይደለም። ከሰው አፍ፣ በማሲንቆ።»

አባቴም የሚናገሩት ሞተር እንደሚያሸንፍ ሰው ስለ ነበር ሚኒባሱ ሙሉ ሰማ። ከኋላ የተቀመጡ አንዲት እናት «ሸጋ ነገር መርጠዋል!» ብለው አጨበጨቡ። እኔ ፊቴን ወደ መስኮቱ አዙሬ አለቀስኩ።

ወልድያ ላይ ኮንሰርት ሊኖር መሆኑን የነገሩኝ ተማሪዎቼ ናቸው። መርሳ መናኸሪያ ግድግዳ ላይ ፖስተር ተለጥፏል አሉኝ። ከትምህርት ቤት እንደ ወጣሁ ሄጄ አየሁት፤ ከአዲስ አበባ የሚመጣ ባንድ፣ የወሎ ልጅ የሆነ ዘፋኝ፣ አምባሰል በማሲንቆ። ደስታዬ ዋጋው ጋ እስክደርስ ነበር። ከጦርነቱ በፊት በመቶ ብር ገብቼ፣ እግሬ እስኪዝል ጨፍሬ፣ ለለስላሳም ተርፎኝ ወጥቻለሁ። አሁን መደበኛው አምስት መቶ፣ ከፊት የሚያስቀምጠው ቪአይፒ አንድ ሺህ ሁለት መቶ ሆኗል።

«ዘፋኙ ዘውድ ሊጭንልን ነው እንዴ የሚመጣው?» አልኩት ትኬት ሻጩን።

«እትየ፣ መብራት የለ፣ ጄኔሬተሩ የሚነሳው በጥቁር ገበያ ነዳጅ ነው። ድምፅ ማጉያው ከደሴ በጭነት መኪና ይመጣል። ሰዉም ቢሆን ሙዚቃ ስለ ራበው ይከፍላል።»

የመጨረሻዋ ነገር ናት ያናደደችኝ። እውነቱን ነዋ! ስንት ወር ሙሉ በሰፈራችን የዘፈን ድምፅ አልነበረም፤ ሠርጉ እንኳ በሹክሹክታ ነበር የሚያልፈው። የተራበ ሰው ላይ ዋጋ መጨመር ቀላል ነው።

መደበኛው ወንበር ከኋላ ነው። በዚያ ጆሮ እዚያ መቀመጥ ግራና ከመቀመጥ አይሻልም። ስለዚህ ለኢድ ልብስ ያስቀመጥኩትን አውጥቼ አንድ ቪአይፒ ገዛሁ። እኔ ከውጭ እንደምጠብቅ ለአባቴ የነገርኳቸው ሁሉ ነገር ካለቀ በኋላ ነው።

«ገና ሳልሰማ ከፈልሽ?» ብለው ተገረሙ። «እኔ ዱቄቱን ሳላስረክብ ከማንም ብር ተቀብዬ አላውቅም። አዝማሪም ጨዋታው ሲጥምሽ ነው ግንባሩ ላይ የምትለጥፊለት።»

«ዘመኑ ተለውጧል አባየ!»

«ለሱ ተለወጠለት እንጂ ለኛ ምን ተለወጠ?» አሉና ነጭ ኮፍያቸውን ማጠብ ጀመሩ።

በሰዓት እላፊው ምክንያት ኮንሰርቱ የተጀመረው በጠራራ ፀሐይ ነው። ባለ ቀለም መብራቶቹ ቢሽከረከሩም ፀሐይዋ ስለበለጠቻቸው ብርሃናቸው አይታይም። በሩ ላይ የቆመው ሰው አባቴን እጃቸው ላይ ማኅተም መታቸው። «የቄራ ሥጋ አደረጉኝኮ!» ሲሉ ሰልፈኛው በሙሉ ሳቀ። ገቡ። እኔ በቆርቆሮው አጥር ሥር ቦታ ያዝኩ።

ከውጭ ያለው ሕዝብ ከውስጡ ይበልጥ ነበር። ድንጋይ ላይ የተቀመጠ አለ፣ ባጃጁን አቁሞ የተደገፈ አለ፣ ልጅ አዝላ የምታወዛውዝ አለች። ቆሎ ሻጯ በመስፈሪያዋ ጣሳ ሳህኗን እየመታች እስክስታ ትወርዳለች። ከውስጥ ከበሮው ሲመታ ቆርቆሮው ይንቀጠቀጣል። ካለፈው ዓመት ወዲህ የሚንቀጠቀጥ ነገር ሁሉ ያስደነግጠን ስለ ነበር ሁላችንም መጀመሪያ ክው እንላለን፤ ከዚያ እርስ በርስ ተያይተን እንስቃለን። እንደዚያ ቀን የሳቅሁበትን ጊዜ አላስታውስም።

ሦስት ዘፈን ሳያልቅ አባቴ በበሩ ወጡ።

«አባየ! ምን ሆኑ?»

«ድምፅ ማጉያው ሥር አስቀመጡኝ» አሉ። «ወላሂ፣ ወፍጮ ቤቴን ነው የሰማሁት። ሰውየው አፉን ይከፍታል፤ ሞተሩ ይጮሃል።»

ደሜ ፈላ። በረኛው ዘንድ ሮጥኩ፤ ቦታ ቀይሩላቸው አልኩት። የወጣ አይመለስም አለኝ። ማኅተሙ ይኸው እጃቸው ላይ አለ ብዬ ባሳየውም አልሰማም፤ እሱ ደግሞ ሁለት ደህና ጆሮ ነበረው! ከመምህርት አፍ የማይወጣ ነገር ተናገርኩ። ከዚያ አቅም አጣሁና ድንጋይ ላይ ተቀመጥኩ። ያናደደኝ ብሩ ብቻ አልነበረም። እንዲህ ያለ ኮንሰርት እንደገና እስኪመጣ ያ ጆሮ አይጠብቀንም። አባቴ ግን ትከሻዬን መታ መታ አድርገው «አብሽሪ፣ አብሽሪ» ይሉኛል፤ የተበደልኩት እኔ ይመስል።

ባንዱ ለዕረፍት ዝም ሲል፣ ሕዝቡ መሀል አንድ ቀጭን አዝማሪ ማሲንቆውን ይዞ ይዞር ጀመር። መድረክ ላይ የሚያወጣው አላገኘም፤ ገበያው ከውጭ እንደሆነ ግን ገብቶታል። እኛ አገር ደግሞ አዝማሪ ከሩቅ አይዘፍንልህም። ፊትህ ድረስ መጥቶ፣ ጎንበስ ብሎ፣ ዐይንህን እያየ ነው የሚጫወተው። ግጥም ካለህ «ተቀበል» ትለዋለህ፤ ተቀብሎ በዜማ ይመልስልሃል። ነጩን ኮፍያ አይቶ ወደ አባቴ መጣና እጅ ነሳ። በቀኝ በኩል ነበር የቆመው።

«በግራ!» ብዬ ዘለልኩ። «በግራ በኩል!»

ለምን ብሎ አልጠየቀም። ዞረ፣ አጎነበሰ፣ የማሲንቆውን አናት ኮፍያቸውን እስኪነካ አስጠግቶ አምባሰሉን በቀስታ ጀመረው።

አባቴ ዐይናቸውን ጨፈኑ። መጀመሪያ ግንባራቸው ተቋጠረ፣ ከዚያ ተፈታ። እኔ ትንፋሼን ይዤ አያቸዋለሁ። አገጫቸው ከማሲንቆው መምቻ ጋር ሲሄድና ሲመለስ እንደ ሰሙ ገባኝ። በድንገት እጃቸውን አንሥተው፣ ወፍጮው እየሠራ እንደሆነ ያህል፣ «ተቀበል!» ብለው ጮሁ። የቆሎ ሻጯ ጣሳ ከእጇ ወደቀ።

«ከባዱ መሣሪያ ሲያጓራ ዝም ብዬ፣
ማሲንቆ ቢጠራኝ ወረደ ዕንባዬ!»

አዝማሪው ሁለቱንም መስመር እያረዘመ ተቀበላቸው። እልልታው ቀለጠ። ቀና ስል በአጥሩ ላይ ጭንቅላት ተደርድሯል፤ ባለ ክራባቱ፣ ባለ ጥቁር መነጽሯ፣ አንድ ሺህ ሁለት መቶ ብር የከፈሉት ሁሉ ወንበር ላይ ቆመው እኛን በነፃ ያያሉ። በረኛውም በሩን ትቶ መጥቷል። አባቴ ለለስላሳ የሰጠኋቸውን ብር አውጥተው አዝማሪው ግንባር ላይ ለጠፉና «ድገመው» አሉት። ደገመው። እንደገና አስደገሙት። የመጨረሻው የመርሳ ሚኒባስ ሊሄድ ሲል ጎትቼ ነው የወሰድኳቸው።

ክረምቱ ሊወጣ ሲል ጦርነቱ አገረሸ። በመስከረም ያ ጆሮ ተዘጋ። ሐኪሟ አልተሳሳተችም።

ተኩስ ሊቆም ነው የሚለው ዜና የተሰማ ጊዜ ሰፈሩ በሙሉ ወጥቶ እልል አለ። አባቴ በረንዳው ላይ ጀርባቸውን ለግድግዳው ሰጥተው ተቀምጠዋል፤ ምንም አልሰሙም። ፊታቸው ተንበርክኬ በእጄ ነገርኳቸው። ጠመንጃ ከትከሻዬ አወረድኩ፣ መሬት ላይ አስተኛሁት፣ እጄን አራገፍኩ። ገባቸው። «አልሐምዱሊላህ» ብለው ፊታቸውን በመዳፋቸው ዳበሱ። ከጎረቤት ጋር እንዲቀላቀሉ ክንዳቸውን ይዤ ላነሣቸው ሳብኳቸው። አልተነሡም፤ እጄን ያዙኝ። ዐይናቸውን ጨፍነው፣ አገጫቸውን ወዲያና ወዲህ እያመላለሱ፦

«ቆይ ልጄ» አሉኝ። «ባለማሲንቆው ገና አልጨረሰም።»