እማዋይሽ ካስነጠሰች ቴፑ ድኗል

አባቴ ዘሩ ፍኖተ ሰላም አውቶቡስ ተራ አጠገብ በነበረች ጠባብ ሱቅ ሬዲዮና ቴፕ ሲጠግን ኖሮ ባለፈው ጥር ዐረፈ። ስለ እሱ የምጽፈው በዓይኔ ያየሁትንና ከራሱ አፍ የሰማሁትን ብቻ ነው። ሥራዬ የቆዩ ሰነዶችን መጠበቅ ስለሆነ የጎደለውን መሙላት አልችልበትም።

ከእናቴ ከእማዋይሽ የቀረልን አንድ ካሴት ነበር። በ1985 ዓ.ም. አባቴ ማይክሮፎን ያለው ቴፕ ጠግኖ፣ መቅዳቱን ሊያረጋግጥ ወደ ቤት ይዞት መጣ። እናቴ በረንዳ ላይ በርበሬ ትቀነጥስ ነበር። ማይኩን አፏ ሥር ደገነባት። ካሴቱ የሚጀምረው በማስነጠሷ ነው፤ አከታትላ ሁለት ጊዜ። ከዚያ፣ «ዘሩ፣ ይሄን ነገር ከአፌ ላይ አንሳልኝ ብያለሁ! እኔ ዜና አንባቢ ነኝ?» ትላለች። ትስቃለች። ቀጥላም ድምፅዋን ከፍ አድርጋ እኔን ትጠራለች፦ «ውዳሴ! በዚያ እጅሽ ዓይንሽን እንዳትነኪ! ነይ ታጠቢ!» ከዚያ የደረቀ በርበሬ ሲንኮሻኮሽ ይሰማና ያበቃል።

በዓመቱ ወባ ገደላት። እኔ ስድስት ዓመቴ ነበር። ፊቷን አላስታውስም። ያለው ፎቶግራፍ ለመታወቂያ የተነሳችው ነው፤ ያኮረፈች ትመስላለች። እናቴ ለእኔ ያ ድምፅ ነበረች።

አባቴ ጠግኖ የጨረሰውን ቴፕ ሁሉ የሚፈትነው በዚያ ካሴት ነበር። ጠጋኝ የሚፈትነው ጠንቅቆ በሚያውቀው ድምፅ ነው፤ እሱ ደግሞ ከእሷ ድምፅ አብልጦ የሚያውቀው አልነበረም። ደንበኞቹም ለመዱት። የማንኩሳ ገበሬ ቴፑን ሊወስድ ሲመጣ እጁን ሳይዘረጋ ይቆምና፣

«ጋሼ ዘሩ፣ ሳታስነጥስማ አልረከብዎትም» ይላል።

«ቆይ፣ ታስነጥሳለች።»

እናቴ ታስነጥሳለች። በሱቁ ያለው ሰው ሁሉ «ይማርሽ!» ይላታል። ገበሬውም ቴፑን ብብቱ ሥር ሸጉጦ፣ «እታለም፣ እንግዲህ ድኗል ካልሽ ድኗል» ብሎ ይሄዳል። እኔ በትምህርት ቤት ደብተሬ ላይ አጎንብሼ ይህን ስሰማ ነው ያደግሁት።

እያደር ድምፅዋ ደከመ። በመጀመሪያ የበርበሬው መንኮሻኮሽ ጠፋ። ቀጥሎ ሳቋ እየራቀ ሄደ። አባቴ ሁልጊዜ ምክንያት ነበረው። ስፒከሩ አርጅቷል፣ የቻይና ዕቃ ነው፣ መብራቱ ደክሟል ይል ነበር። አንድ ቀን ያው የማንኩሳ ሰው፣ «ጋሼ ዘሩ፣ እማዋይሽን ጉንፋኑ ለቀቃት መሰለኝ» አለና ሰዉን አሳቀው። አባቴም አብሮ ሳቀ። ሰዎቹ ሲሄዱ ግን ወደ እኔ ዞሮ፣ «እሷ እዚያው ናት። የሚያወጣት ዕቃ ነው የጠፋው። አንድ ቀን ደኅና አምፕሊፋየር ባገኝ እንደዚያን ቀን አድርጌ አሰማሻለሁ» አለኝ። ከዚያ በኋላ ይህን ደጋግሞ ይለኝ ነበር። ሌላ ምኞት ሲመኝ ሰምቼው አላውቅም።

በ2000 ዓ.ም. ክረምት፣ ከዩኒቨርሲቲ ለእረፍት በመጣሁበት ጊዜ፣ ላቀው የሚባል የቡሬ እህል ነጋዴ አባቴን አስጠራው። አዲስ ቤት ሠርቶ ነበር። ዱባይ በሚመላለስ ሰው በኩል ለሳሎኑ አምፕሊፋየር አስመጥቷል፤ ቡና ቤት ከሚያንባርቀው ዓይነት ሳይሆን፣ የናጠጠ ሀብታም በቤቱ ተቀምጦ ዘፈን የሚያጣጥምበት ዓይነት። ተታልዬ እንደሆነ መጥተው ይንገሩኝ ነው መልእክቱ።

አባቴ፣ «ካሴት ያጫውታል?» ብሎ ጠየቀ። እንደማያጫውት ሲነገረው በሱቁ ያለውን ምርጥ የካሴት ማጫወቻ በጋቢ ጠቀለለ፤ የእናቴን ካሴት ደረት ኪሱ ውስጥ ከተተ። እኔም አብሬው ሄድኩ፤ አውቶቡስ ውስጥ ጥቅሉን እንደ ሕፃን ታቅፎት ነበር።

በላቀው ሳሎን የሶፋዎቹ ላስቲክ ገና አልተገፈፈም። አምፕሊፋየሩ፣ ግራና ቀኝ ስፒከር ቆሞለት፣ ብቻውን ጠረጴዛ ላይ ተቀምጧል፤ ላዩ ላይ ድመት ተኝታለች።

«ከመጣ ጀምሮ የተጠቀመችበት እሷ ናት» አለች የላቀው ሚስት ተናኜ፤ «ይሞቃታል።»

«እስቲ ይዩት ጋሼ ዘሩ!» አለ ላቀው። «መብራት የለው፣ የሚጨፍር ነገር የለው! ማዶ ያለው የጠጅ ቤት ቴፕ እንኳ ቀይ አረንጓዴ ይረጫል። ለእነዚህ ለሁለት ማዞሪያዎች ነው እንዴ የአንድ አይሱዙ በቆሎ የከፈልኩት?»

አባቴ ድመቷን አንስቶ ለተናኜ ሰጣት። ዕቃውን በአንድ ጎኑ ቀና ሊያደርገው ሞከረና ክብደቱን ሲያይ ተወው። ማዞሪያውን በሁለት ጣቱ ይዞ ዞር አደረገው፤ ደግሞ መለሰው። የእኛ ሱቅ ማዞሪያዎች ሲነኳቸው ይንኳኳሉ፣ ድምፁንም ይቆራርጡታል። ይሄ ቅቤ ውስጥ እንደገባ ጣት ተንሸራተተ። አብርቶት፣ ድምፁን እስከ ግማሽ ከፍቶ፣ ጆሮውን ስፒከሩ ላይ ለጠፈ። ምንም የለም።

«አላልኩም? ሞቷል!» አለ ላቀው።

«አልሞተም አቶ ላቀው። ዝም ብሎ ነው። የእኛዎቹ ሳይጠየቁም ያጉረመርማሉ። ይሄ የሰጡትን ነው የሚመልሰው፤ ከራሱ የሚጨምረው የለም።»

ላቀው ከአምፕሊፋየሩ ጋር በመጣው ማጫወቻ የማሲንቆ ሲዲ ከፈተ። አዝማሪው ገና ቃል ሳይተነፍስ፣ ጭራው በጭራ ላይ ሲሳብ፣ ጣቱ ወደ ታች ሲንሸራተት ተሰማ። ከዚያ ሰውየው ምራቁን ዋጠ። ተናኜ ድመቷን እንዳቀፈች ሄዳ ከስፒከሩ ጀርባ አየች።

«ኧረ ሰውየው እዚህ ነው ያለው!»

«ምራቁን ሲውጥ ልስማ ብዬ ነው እንዴ የገዛሁት?» አለ ላቀው። «በጠጅ ቤቱ ቴፕ አይውጥም!»

አባቴ ዓይኑን ጨፍኖ ነበር። ዘፈኑ ሲያልቅ፣ «አልተታለሉም» አለ። «በዕድሜዬ እንዲህ ያለ ዕቃ አልሰማሁም። ሰውየው የት እንደተቀመጠ እንኳ ይታያል።» ፊቱ ላይ ከዚያ በፊት አይቼው የማላውቀው ደስታ ነበር። በዚያው ደስታ፣ «ከፈቀዱልኝ፣ አንዲት ካሴት ላሰማ» አለ።

«የማን ናት?»

«የባለቤቴ።»

«እማዋይሽ! የምታስነጥሰዋ!» ላቀውም ድሮ የኛ ሱቅ ደንበኛ ነበር። ተስተካክሎ ተቀመጠ። ተናኜ ድመቷን መሬት አወረደቻት። አባቴ ሽቦውን አገናኘና አጠገቡ እንድቀመጥ በዓይኑ ጠራኝ።

መጀመሪያ ሹሹታ መጣ። ሳሎኑን ሞላው። ተናኜ ወደ መስኮቱ ዞራ፣ «ዝናብ ጀመረ እንዴ? ልብሱ ውጭ ነው» አለች። ማስነጠሷ በነበረበት ቦታ፣ ከግድግዳ ማዶ ጆንያ የተጣለ ይመስል፣ ሁለት ጊዜ ደብ ደብ አለ። ቀጥሎ የወንድ ይሁን የሴት የማይለይ ጉምጉምታ ሄደ። ስሜን የምትጠራበት ቦታ መድረሱን ከልምድ አወቅሁ። ስሜ ግን አልነበረም።

አባቴ ካሴቱን አውጥቶ የማጫወቻውን ሄድ፣ ሪባኑን እየነካ ድምፁን የሚያነብበውን ብረት፣ በአልኮልና በጥጥ ጠረገው። እንደገና አጫወተ። ሽቦውን ቀየረ። እንደገና። አምፕሊፋየሩ በየጊዜው ያንኑ ሹሹታ፣ አንዲት ፍንጣሪ ሳይደብቅ፣ ጥርት አድርጎ ሰጠን።

«ዕቃው ነው፣ ጋሼ ዘሩ» አለ ላቀው በለሰለሰ ድምፅ። «አላልኩም? የማይረባ ነው።»

«ዕቃው ደኅና ነው» አለ አባቴ። «ካሴቷ ናት ባዶ።»

ስንመለስ፣ ማንኩሳ ላይ አውቶቡሱ ቆሞ ሰው ሲጭን፣ መስኮቱን እያየ፣

«እኔ ነኝ ያጠፋኋት» አለኝ።

ሪባኑ ላይ ያለው ድምፅ በዱቄት የተጻፈ ነው፤ የእያንዳንዱ ቴፕ ሄድ ሲነካው ትንሽ ትንሽ ይፍቀዋል፤ ማግኔት የያዘ ብልሹ ሄድ ደግሞ ይበላዋል፤ ብሎ አስረዳኝ። «እኔ ደግሞ የአገሩን ብልሹ ሁሉ በእሷ ፈተንኩ።»

«ታውቅ ነበር፣ አባዬ?»

«የሽንዲው መሪጌታ የሞቱትን መምህራቸውን ድምፅ ይዘው መጥተው፣ ይሄንን በየቴፑ አያስገቡት፣ አስገልብጠው ዋናውን ያስቀምጡ ያልኳቸው እኔ ነኝ።»

«ታዲያ የእሷን?»

«የእሷንማ በየቀኑ እሰማት ነበር» አለ። «በየቀኑ የሚያዩት ሰው መክሳቱ የት ይታወቃል?»

ቤት እንደገባን ባለ አንድ ስፒከሯን አሮጌ ቴፕ አወጣና ካሴቱን ከተተ። በዚያች ቴፕ እስከዚያ ሳምንት ድረስ ሁለታችንም እንሰማት ነበር። ቴፗ ራሷ ስለምትንጫጫ፣ ቃላቱንም በልባችን ስለምናውቃቸው፣ የጎደለውን ሳናውቀው እየሞላን ነበር የምንሰማት። አሁን ከፊቴ ተቀምጦ፣ ከቃላቱ ጋር ይንቀሳቀስ እንደሆነ አፌን አየ።

«ትሰሚያታለሽ?»

«እሰማታለሁ» አልኩት።

«እኔ አልሰማትም» አለና አጠፋው።

ከዚያ ወዲያ የጠገነውን በሬዲዮ ዜና ይፈትን ጀመር። የማንኩሳው ሰው ቴፑን ሊወስድ መጥቶ፣ «ምነው ጋሼ ዘሩ፣ ታስነጥስልኝ እንጂ!» ሲለው፣ «ጉንፋኑ ለቀቃት» አለው። ሰውየው ቀልድ መስሎት ሳቀ። ቆየት ብሎ ሁሉም ሰው ዘፈኑን በሞባይል መስማት ጀመረ፤ የሚጠገን ቴፕ ይዞ የሚመጣም ጠፋ። አባቴ ግን ሱቁን በየጠዋቱ ይከፍትና መበየጃውን ሳያሞቅ ተቀምጦ ይውል ነበር። ሱቁን ዘግተህ ቤት ግባ ቢሉት፣ ቤት ገብቼ ምን እሰማለሁ ይል ነበር።

በቀብሩ ዕለት ላቀው ከቡሬ መጥቶ ነበር። ከለቀስተኛው ለይቶ ወሰደኝና፣ «ያን አምፕሊፋየር ውሰጂው ልጄ» አለኝ። «እኛ ቤት ድመት ማሞቂያ ነው። ምንነቱን ያወቀለት እሱ ብቻ ነበር።»

እግዜር ይስጥልኝ አልኩትና አልወሰድኩትም። የማጫውትበት ድምፅ የለኝም። ከሱቁ የቀሩትን ካሴቶች አንድ በአንድ ሰምቼ የአባቴን ድምፅ ፈልጌያለሁ። ዕድሜውን ሁሉ በመቅጃዎች መካከል የኖረ ሰው በአንዱም ላይ የለም። በእናቴ ካሴት ላይ እንኳ፣ ድምፅዋ ጥርት ብሎ በሚሰማበት ዘመን፣ አንድ ቃል አልተናገረም ነበር። ማይኩን የያዘው እሱ ነው።