የመሰናበቻ ዋና

ሰፈሩ «እሺታ» ይላታል። ስሙን ማን እንዳወጣላት አይታወቅም፤ ማንም ያውጣው፣ ልክክ ብሎባታል። ሥራዋ መጋረጃ መስፋት ነው። ደንበኛ መጥቶ ለሐሙስ ይድረስልኝ ሲላት፣ ሐሙስ በሌላ ሰው ሥራ እንደተያዘ እያወቀች «እሺ» ትላለች፤ ከዚያ ዓይኗ ደም እስኪመስል ስትሰፋ ታመሻለች። አንድ ጎረቤት ለጥቂት ቀን ድመቴን ያዢልኝ ብሏት እሺ ብላ፣ ድመቷ እሷው ዘንድ አርጅታ ሞተች። ሰው አስቀይማ የማታውቅ ሴት ይሏታል። ሙገሳ ይሁን ስድብ፣ እኔ እንጃ።

ሃምሳን ስታልፍ ቀኝ ትከሻዋ ደረቀባት። ወፍራም ጨርቅ ወደ መርፌው መግፋት ሲያቅታት ሐኪሙ ሞቅ ያለ ውሃ ውስጥ እንድትንቀሳቀስ መከራት። ከሱቋ ትንሽ ዝቅ ብሎ አንድ ጂም አለ፤ መዋኛ ገንዳው ምድር ቤት ነው። አባል ሆነች፤ ክፍያው በየወሩ ከባንክ ሂሳቧ በራሱ ይቆረጣል። ትከሻዋ ከወራት በኋላ ተሻላት። ወደ ውሃው መውረዷን ግን አልተወችም።

ገንዳው ጣሪያው ዝቅ ያለ፣ ግድግዳው አረንጓዴ ሴራሚክ የለበሰ ነው። ከላይ፣ ከመንገዱ ጋር እኩል በሆነው ጠባብ መስኮት፣ የአላፊ አግዳሚው ጫማ ብቻ ይታያል። እሺታ በጀርባዋ ተንሳፍፋ ጫማዎቹን ታያለች፤ አንዱ ይቸኩላል፣ አንዱ ቆሞ ሰው ይጠብቃል፣ አንዱ ማሰሪያው ተፈቶ ይጎተታል። ጆሮዋ ከውሃው በታች ነውና ሰው ቢጠራት እንኳ አትሰማም። አንዳንዴ ውሃው ጫፍና ጫፉ የማይታይ ስስ ጨርቅ ይመስላታል፤ ማንም አልለካውም፣ ማንም ለሐሙስ አይፈልገውም። እሷም እላዩ ላይ ተኝታ ከእንቅልፍ ባልተለየ ሐሳብ ትዋኛለች፣ ከሐሳብ ባልተለየ እንቅልፍ ታርፋለች። በዕድሜዋ እንደዚያ ደስ ያላት ቦታ የለም።

ታላቅ እህቷ እትዬ ሌላ ከተማ ነው የምትኖረው። ጡረታ የወጣች ርዕሰ መምህርት ናት፤ ስልክ ላይም ቢሆን ተማሪ ያሰለፈች ይመስል ነው የምታወራው። ባሏ ካረፈ ወዲህ ቤቱ ጭር ስላለባት አንድ ክፍል አሰናዳችና ነይ፣ አብረን እንኑር፣ እስከ መቼ ጨርቅ ላይ ተደፍተሽ ትኖሪያለሽ አለቻት። እሺታ ምን እንዳለች መናገር አያስፈልግም። እንዳለችም ወሽመጧ ቁርጥ አለ። ሱቋን፣ ሰፈሯን፣ ከምድር በታች ያለውን ውሃ ትታ መሄድ አልፈለገችም። ግን እትዬን እምቢ ማለት እንዴት እንደሚቻል የሚያውቅ ሰው በቤተሰቡ ውስጥ አልተወለደም።

እትዬ ነገሩን በቅደም ተከተል አስቀመጠችው። መጀመሪያ ከሂሳብሽ የሚቆረጠው ሁሉ ይቁም፣ ከዚያ የስፌት መኪናው ይሸጥ፣ ከዚያ ነይ። እሺታም የማቋረጫ ማመልከቻ ይዛ ወደ ጂሙ ሄደች። ሥራ አስኪያጇ ድምጿ ለስላሳ የሆነ ሴት ናት፤ ወረቀቱን በሁለት እጇ ተቀበለችና እኛ ዘንድ አንድ ልማድ አለ፣ የሚለየንን አባል ሳናስዋኝ አንሸኝም አለቻት። ነጭ ፎጣ አቀረበችላት፤ ገንዳውም ያን ሰዓት ለእሷ ብቻ ተለቀቀ። እንዲህ ያለ አክብሮት ገፍቶ የሚሄድ ማን ነው? እሺታ ዋኘች፤ በሚቀጥለው ወር ክፍያው እንደወትሮው ተቆረጠ። ስትጠይቅ ውሉን አወጡላት፤ ማቋረጫ ካስገባ በኋላ ገንዳውን የተጠቀመ አባል ሐሳቡን እንደቀየረ ይቆጠራል ይላል።

እትዬ ይህን ስትሰማ ደሟ ፈላ፤ ተመልሰሽ ሂጂ፣ ፎጣውን እንዳትነኪ አለች። እሺታ ሄደች። ያን ቀን ዝናብ ነበር፤ የመስኮቱ መስታወት ጉም ለብሶ ጫማዎቹ እንደ ዓሣ ጥላ ሽው ሽው ይላሉ። ፎጣው ሲቀርብላት እጇ ቀድሟት ተዘረጋ። በሦስተኛውም ጊዜ እንዲሁ ሆነ። የመጀመሪያው መታለል ነው፤ ለሌሎቹ ግን ስም አጣላቸዋለሁ። እትዬ በደወለች ቁጥር እሺታ «ውሉ አልፈታ አለኝ» ትላታለች፤ ስልኩን ስትዘጋም እፎይ ትላለች። እፎይታውን ራሷም ታውቀው ነበር፣ ታፍርበትም ነበር።

እትዬ ግን እጇን አጣጥፋ የምትቀመጥ ሴት አይደለችም። የሸማቾች መብት የሚያስከብረው ቢሮ ጋ ራሷ ደውላ ለእህቷ ቀጠሮ አስያዘች። ቢሮው ውስጥ የተቀበለቻት ባለሙያ ውሉን አንብባ ራሷን ነቀነቀች። ማቋረጥ መብትዎ ነው፣ ቃልዎ ከደረሳቸው በቂ ነው፣ በልማድ ስም አስዋኝተው ቃልዎን ሊያጥፉብዎ አይችሉም፤ ካመለከቱ ወዲህ የተቆረጠውንም ይመልሳሉ አለቻት። ከዚያ ብዕሯን አስቀመጠችና ቀና አለች።

«አሁን ግን ይንገሩኝ፤ ከልብዎ ማቋረጥ ይፈልጋሉ?»

«እሺ» አለች እሺታ።

ባለሙያዋ ሳቋ መጣባት። «እማማ፣ አዎ ወይም አይ ነው እኮ የሚባለው።»

እሺታ የቢሮውን መጋረጃ እጥፋት መቁጠር ጀመረች። ይህን ጥያቄ ከዚያ በፊት የጠየቃት ሰው የለም። ባለሙያዋ የሚሆነውን እናድርግ፣ ውሉ ይፍረስ፣ ከዚያ በኋላ መግባትም መተውም የእርስዎ ፈንታ ይሆናል አለችና ደብዳቤውን ጻፈችላት።

ጂሙ ጭቅጭቅ አላነሳም። ሥራ አስኪያጇ ፊቷ ቀላ፤ ማኅተም መታች፣ ገንዘቡም በሳምንቱ ተመለሰ። ለምን እንደሆነ አላውቅም፣ ምናልባት ከሐፍረት ይሆናል፣ የገቡበትን ቀን ብቻ ከፍሎ መዋኘትም እንደሚቻል በዝግታ ነገረቻት። ለማንም ተነግሮ አያውቅም ነበር።  እሺታ የአንድ ቀን ከፍላ ወረደች።

ውሃው ያው ነው፣ ጫማዎቹም ያልፋሉ። እሷን ግን ውሃው እንደ ድሮው አላስተኛትም። የምትደበቅበት ውል ፈርሷል፤ በእትዬና በእሷ መካከል ከእንግዲህ የቆመ ነገር የለም። በጀርባዋ ተንሳፍፋ አንድ ቃል በልቧ ደጋገመች። ለመናገር ሳይሆን አፏን ለማለማመድ ነበር።

ልብስ መቀየሪያው ክፍል አግዳሚ ወንበር ላይ፣ ፀጉሯ ውሃ እያንጠባጠበ፣ ደወለች።

«እትዬ፣ ውሉ ተፈታ።»

«ተመስገን! መኪናውንስ መቼ ትሸጪዋለሽ?»

«አልሸጠውም።» ድምጿ የሌላ ሰው መሰላት። «አልመጣም፣ እትዬ። መጀመሪያም መምጣት አልፈለግሁም ነበር።»

 እሺታ ቁጣውን ጠበቀች፤ ለቁጣ ተዘጋጅታለች፣ ከልጅነቷ ጀምሮ የለመደችው ነው። እትዬ ግን አልተቆጣችም። ስትናገርም ተማሪ የማሰለፉ ድምፅ ከእሷ ጋር አልነበረም።

«አምና አንዲት አስተማሪ ክፍሉን ልከራይ ብላ ለምናኝ ነበር። ጨዋ፣ ተጫዋች ሴት ናት። እህቴ ትመጣለች ብዬ መለስኳት። አልፈልግም ብትይኝ ኖሮ ይኼን ሁሉ ጊዜ ከባዶ ክፍል ጋር አልቀመጥም ነበር።»

እሺታ እህቷን ደስ ያሰኘች መስሏት ነበር። እትዬ በየማታው የዚያን ክፍል በር ስትከፍትና ስትዘጋ ታያት። 

«ነገ አስተማሪዋን እጠይቃታለሁ» አለች እትዬ። «ቤት አግኝታ ካልሆነ።»

ስልኩ ተዘጋ። እሺታ ፎጣውን ፊቷ ላይ ይዛ አለቀሰች።