ከምስጋናው በታች የጻፍኩት

ከአዟሪ የገዛሁት የሥራ አፈላለግ መጽሐፍ፣ ከቃለ መጠይቅ በኋላ ቀን ሳያልፍ የምስጋና ኢሜይል መላክ ይገባል ይላል። ስለዚህ በማግስቱ ከቀወት ገጠር ተነስቼ ሸዋ ሮቢት ገባሁ። ያኔ በከተማዋ የማውቃት ኢንተርኔት ቤት አንዲት ብቻ ነበረች፤ አራት ኮምፒውተር፣ አንድ የስልክ መስመር፣ ሙቀቱን ከወዲያ ወዲህ የሚያመላልስ ቬንትሌተር።

ሥራው ለአንድ የመስኖ ፕሮጀክት የዝናብ መጠን መመዝገብ ነው። እንዲህ ያለ ሥራ ዳግም እንደማይመጣልኝ አውቅ ነበር። ትምህርቴ አሥረኛ ክፍል ላይ ቆሟል፤ ከዚያ ወዲህ የተማርኩት ከመጻሕፍት ነው። የግብርና ሠራተኛው ያዋሰኝን የእንግሊዝኛ መመሪያ በመዝገበ ቃላት እየፈታሁ፣ ከቆርቆሮ መለኪያ ሠርቼ፣ ከማሽላችን ዳር ተክዬ፣ ሁለት ዓመት ሙሉ በየቀኑ መዝግቤያለሁ። ለጠያቂዎቹም የነገርኳቸው ይህንኑ ነው። ሦስት ነበሩ፤ ለዚያ ቀን ብቻ ከደብረ ብርሃን ወርደው በጣርማ በር ተመልሰዋል። ዋናዋ ጠያቂ አንዲት ኢንጂነር ነበሩ፤ ጥያቄ ካለን ብለው የኢሜይል አድራሻቸውን አስጽፈውናል።

የኢንተርኔት ቤቱ ባለቤት ድሮ የአውቶቡስ ረዳት የነበሩ ጎልማሳ ናቸው። ምን ልጽፍ እንደመጣሁ ጠይቀውኝ ነገርኳቸው።

«ሥራው ተሰጠህ?»

«ገና ነው፣ ጋሼ።»

«ታዲያ ምኑን ነው የምታመሰግነው? ይሄማ በኢንተርኔት ደጅ መጥናት ነው።»

ከጎኔ የተቀመጠው ሰው ሳቀ። ጆሮዬ ጋለ፤ ራሴም ስፈራው የነበረው ይህንኑ ነው። ሰው ገና ሳይሰጥህ ማመስገን በእኛ ዘንድ እጅ እንደ መዘርጋት ይቆጠራል። ቢሆንም ከመጽሐፉ ናሙና ላይ አራቱን የእንግሊዝኛ መስመሮች ፊደል በፊደል ገለበጥኩ፤ ሦስት ጊዜ አነበብኳቸው። ልልክ ስል የስክሪኑን ጥግ አየሁ። 4:10 ይላል። የእጄ ሰዓት አሥር ሰዓት ከአሥር ነው።

መጀመሪያ ምንም አልመሰለኝም። የፈረንጅ ሰዓት ከእኛ በስድስት እንደሚለይ ከተማሪነቴ ጀምሮ አውቃለሁ። ከዚያ የዝናብ መለኪያዬ ትዝ አለኝ። መመሪያው ዝናቡ 9:00 ላይ ይነበብ ይላል። እኔም ሁለት ዓመት ሙሉ ከቀትር በኋላ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ሳነብ ኖሬያለሁ። መመሪያው የሚለው ግን ጠዋት ሦስት ሰዓት ነበር። ትናንት ኢንጂነሯ «ዘጠኝ ሰዓት?» ብለው ደግመው ሲጠይቁኝ፣ «አዎ፣ ልክ ዘጠኝ» ብያለሁ። ብዕራቸው ወረቀቱ ላይ ለአፍታ ቆሞ ነበር።

ገብቷቸው ይሆን? ካልገባቸው፣ ዝም ብል ሥራውን ላገኝ እችላለሁ። ግን አንድ ቀን ደብተሮቹን አምጣ ቢሉኝስ? በየገጹ አናት ዘጠኝ ሰዓት ተብሎ በእጄ ተጽፏል። እቤት ሄጄ ልሰርዘው ብዬ ማሰቤንም አልደብቅም።

«ጨረስክ ወይስ እንቅልፍ ወሰደህ?» አሉ ባለቤቱ። ወረፋ የሚጠብቅ ሰው ነበር።

ከምስጋናው በታች ጻፍኩ። እንግሊዝኛዬ እዚያ ድረስ ስለማይሄድ አማርኛውን በላቲን ፊደል አደረግሁት። ዘጠኝ ያልኩት ስሕተት ነው፣ የመመሪያውን ሰዓት ወደ እኛ አልመለስኩትም፣ የሁለት ዓመቱ ንባብ በሙሉ ስድስት ሰዓት የዘገየ ነው አልኩ። መላኪያውን እንደተጫንኩ መብራት ጠፋ። ይሂድ አይሂድ አላወቅሁም።

ከዚያ በየቀኑ እየሄድኩ ኢሜይሌን ከፈትኩ። ባለቤቱ ገና ከሩቅ ሲያዩኝ ራሳቸውን ይነቀንቁ ጀመር። በአምስተኛው ቀን ግን አንዱን ወንበር ሳቡልኝ። መልስ መጥቶ ነበር፤ ኢንጂነሯም በላቲን ፊደል ነው የጻፉት። «ሰኞ 3 ሰዓት ሮቢት ቢሮ ደብተሮቹን ይዘህ ና። ምንም እንዳትሰርዝ።»

ሦስት ሰዓት በማን አቆጣጠር? በእኛ ከሆነ ጠዋት ነው፤ በፈረንጅ ከሆነ ከቀትር በኋላ ዘጠኝ። ደግሜ ለመጠየቅ አፈርኩ። ሰኞ ጠዋት ሁለት ተኩል ላይ ከፕሮጀክቱ ቢሮ በር ደረስኩ፤ እስከ ዘጠኝ መቀመጥ ቢመጣ ብዬ ቆሎ ይዣለሁ።

ሦስት ሰዓት ሊሆን ጥቂት ሲቀረው ኢንጂነሯ መጡ። በረንዳው ላይ እንደቆሙ ደብተሮቹን ገለጥ ገለጥ አደረጉ። ምስጋናዬን አላነሱትም። የሚፈልጉት የበዓል ቀኖችን እንደሆነ ቆይቶ ገባኝ፤ መስቀልን፣ ጥምቀትን፣ ፋሲካን።

«ሰዓቱ ተዛብቷል» አሉ። «ቀን ግን አልዘለልክም።»

ከቦርሳቸው ቁልፍ አውጥተው ሰጡኝና በግቢው ጥግ በሽቦ ወደታጠረው መለኪያ አመለከቱኝ።

«የዛሬው አልተነበበም።»

መለኪያው ደረቅ ነበር። ደብተሬ ላይ ዜሮ ብዬ ጻፍኩ። ከዚያ የእጄን ሰዓት ሁለት ጊዜ አይቼ፣ ከጎኑ «ጠዋት ሦስት ሰዓት» ብዬ ጨመርኩ።