ደዶ ብዬ የጻፍኩበት ሸርጣን

ባሕር አይቼ አላውቅም። ይህን የማነሳው ለማመካኛ አይደለም፤ ባሕር ያላየ ሰው ስለ ባሕር ሲጠየቅ አላውቅም ማለት ይችላል። እኔ ግን ጅማ ውስጥ መምህር ለመሆን ለሚሠለጥኑ ባዮሎጂ አስተምራለሁ፤ ተማሪ ፊት አላውቅም ማለት ደግሞ ያኔ ከሞት የከፋ ይመስለኝ ነበር።

የግቢያችን ጥበቃ ከጅማ ወጣ ብሎ ያለው የደዶ ገጠር ሰው ነበሩ። በወጣትነቴ ምጽዋ፣ ባሕር ኃይል ውስጥ አገልግያለሁ ይላሉ። የአገልግሎት ወረቀታቸው ሲመለሱ መንገድ ላይ ጠፍቷል፤ በሩ ላይ አብረዋቸው የሚውሉት ጥበቃዎችና የባጃጅ ሹፌሮች ደግሞ የደዶ ገበሬ ልጅ መርከብ ላይ መውጣቱን አያምኑም። እሳቸው ያላቸው ማስረጃ አንድ ብቻ ነበር። ምጽዋ ላይ አንድ ዓሣ አጥማጅ የሰጣቸው፣ በዱቄት ወተት ጣሳ ውስጥ በጥጥ ተጠቅልሎ ስንት ዘመን የኖረ የደረቀ ሸርጣን።

አንድ ቀን የተግባር ትምህርት ላይ ሳለሁ ጣሳውን ይዘው መጡ። ክፍሉ በተማሪ ተሞልቷል። ቆባቸውን አውልቀው በሩ ላይ ቆሙ።

"ልጄ፣ ጡረታዬ ደርሷል" አሉኝ። "ይሄን መደርደሪያችሁ ላይ አኑረው። ከባሕር የመጣ ነው ብለህ ጻፍበት፤ ሰው አንብቦ ይወቅ።"

ጣሳውን ከፈትኩ። ሸርጣኑ ቡናማ ነው፣ ያብረቀርቃል። የጅማ ክረምት እንዳያሻግተው ብለው ጊንጆ ሰፈር የሚሠራ አናጢ ወንበር በሚቀባበት ቫርኒሽ አስቀብተውት ኖሯል። የኋላ እግሮቹ ሆዱ ሥር ታጥፈው በቫርኒሹ ተጣብቀዋል። አልገለበጥኩትም፤ አንድም ነገር አልቆጠርኩም። አንድ ደቂቃ እንኳ ሳይሞላ ከፍ አድርጌ ለተማሪዎቹ አሳየሁና፣

"ይሄ የኛው የወንዝ ሸርጣን ነው" አልኩ። "ደዶ ወርዳችሁ ድንጋይ ብትገለብጡ ታገኙታላችሁ።"

ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። እውነቱን ለመናገር ሳቁ ደስ ብሎኝ ነበር።

"ወላሂ፣ ከምጽዋ ነው" አሉ ቀስ ብለው።

"አባቴ፣ ዘመኑ ረዝሞ ተምታቶብዎት ይሆናል።"

ሳቁ እስኪያልቅ ጠበቁ። "እሺ መምህር። እርስዎ ካሉ" ብለው ቆባቸውን አድርገው ወጡ። እስከዚያ ቀን አንቱ ብለውኝ አያውቁም ነበር።

ከዚያ የባሰውን ያደረግኩት በኋላ፣ ማንም ሳያየኝ ነው። የሸርጣኑን መለያ ወረቀት ስሞላ የተገኘበት ቦታ በሚለው ላይ "ደዶ" ብዬ ጻፍኩ። በሙያችን ስም መሳሳት ያለ ነው፤ ከኋላ የሚመጣ ሰው ያርመዋል። ቦታ መፍጠር ግን ውሸት ነው፤ ይህን ለተማሪ በየዓመቱ የማስተምረው ራሴ ነኝ። ሰብሳቢ፣ ማለትም ያመጣው ሰው፣ የሚለውን ባዶ ተውኩት። ለዪ፣ ማለትም ምንነቱን የለየው ሰው፣ በሚለው ላይ የራሴን ስም በጥሩ እጅ ጽሑፍ አሰፈርኩ።

ወሬው ከእኔ ቀድሞ በሩ ጋ ደረሰ። ዝናብ ዘንቦ መግቢያው ላይ ውሃ በተኛ ቁጥር አንዱ የባጃጅ ሹፌር "ካፒቴን፣ ዛሬ ማዕበሉ እንዴት ነው?" ይላቸዋል። እሳቸው ይስቃሉ። እኔም እሰማና ቦርሳዬን አስፈትሼ አልፋለሁ።

ክረምቱ ካለፈ በኋላ አንዲት የመንደራ ቆጪ ሰፈር ልጅ፣ ነገር ሳትጨርስ የማትተው ተማሪዬ፣ ያንን ሸርጣን ለቤት ሥራዋ መረጠች። ሥራው በመለያ ቁልፍ ስሙ ላይ መድረስ ነው። መለያ ቁልፍ የምንለው ተከታታይ ጥያቄ ነው፤ እንዲህ ከሆነ ወደዚህ፣ እንዲያ ከሆነ ወደዚያ እያለ ይመራል። ቫርኒሹን በአልኮል በነከረችው ጥጥ ቀን በቀን ስታስለቅቅ ከረመችና ጠራችኝ።

"ቲቸር፣ የወንዝ በሚለው ስሄድ ቁልፉ አልሄድ አለኝ። እስቲ እግሩን ይዩት።"

የተጣበቁት የኋላ እግሮች ተላቀዋል። ጫፋቸው እንደ መቅዘፊያ ጠፍጣፋ ነው። የወንዙ ሸርጣን እግር እስከ መጨረሻው ሹል ነው፤ በድንጋይ ላይ ይሄዳል እንጂ እንደዚህ አይዋኝም። የጀርባውን ጠርዝ አብረን ቆጠርን፤ በየጎኑ ዘጠኝ ዘጠኝ ጥርስ፣ ዘጠነኛው ረጅም እሾህ፣ የግራው ከሥሩ የተሰበረ። ገለበጥነው። ሆዱ ላይ የታጠፈው ጭራ ጠባብ ነው፣ ወንድ ነው። ከዚያ አልፎ ዝርያውን በእርግጥ ለመለየት የቅርፊቱ ቀለም ያስፈልግ ነበር፤ ቀለሙ ድሮ ጠፍቷል። የባሕር ዋናተኛ ሸርጣን መሆኑ ግን ለሕፃን እንኳ ግልጽ ነበር።

"ታዲያ አባባ ልክ ነበሩ ማለት ነው?" አለችኝ።

"ለጊዜው ለማንም አትናገሪ፤ ላረጋግጥ" አልኳት።

ምን የማረጋግጠው ነበረኝ? ዓይኔ አይቷል፣ ጣቴ ቆጥሯል። የተናገሩት ከሚጠፋ የወለዱት ይጥፋ ይባላል፤ እኔ አንድ ጊዜ ከአፌ ላመለጠ ቃል የሰው ዕድሜ አስይዤ ተቀመጥኩ። ልጅቷ እሺ አለች፤ ከዚያ ወዲህ ግን ስታስረዳኝ ፊቴን አታይም ነበር። ያፈርኩት የዚያን ጊዜ ነው። ሆኖም ሰው አፍሮም ዝም ማለት ይችላል፤ እኔ ተማሪዎቹ እስኪመረቁ ዝም አልኩ።

ጥበቃው ሊሰናበቱ ሳምንት ሲቀራቸው፣ በምሳ ሰዓት በሩ ጭር ሲል ጠብቄ ሄድኩ። ሁሉንም ነገርኳቸው። እግሩን፣ ጥርሱን፣ ደዶ ብዬ መጻፌን፣ ካወቅኩ መክረሜን። ይቅር በሉኝ አልኩ።

"እኔማ ከምጽዋ እንደመጣ አውቃለሁ" አሉኝ። "ለእኔ ምን ትነግረኛለህ? ያን ቀን ክፍሉ በሰው ሞልቶ ነበር።"

ነገ በሰው ፊት እናገራለሁ አልኩ። ነገው ቅዳሜ ሆነ፣ ሰኞ ደግሞ ሥራ በዛ፤ እሳቸው ፊርማቸውን አኑረው ደዶ ገቡ።

የተናገርኩት አዲሱ ዓመት ትምህርት ሲጀመር ነው። ጥበቃዎቹንም የባጃጅ ሹፌሮቹንም ከአዲሶቹ ተማሪዎች ጋር ክፍል አስገብቼ፣ ሸርጣኑን እያሳየሁ፣ የተሳሳትኩት እኔ ነኝ፣ የዋሸሁትም እኔ ነኝ አልኩ። ካፒቴን የሚላቸው ሹፌር መሬት መሬት አየ። አዲሱን ወረቀት እዚያው ጻፍኩት፦ ምጽዋ፣ ሰብሳቢ እሳቸው። ለዪ በሚለው ላይ የልጅቷን ስም አስገባሁ።

ወዲያው ደወልኩላቸው። ሰሙኝና አንድ ነገር ጠየቁ።

"ያን ቀን የሳቁት ነበሩ?"

"የሉም አባቴ። ተመርቀው ሄደዋል።"

"ኤዬ" አሉ። "አብሽር፣ ልጄ። አብሽር።"

እኔን ነው ያጽናኑኝ። ስልኩን ዘግቼ ክፍሉ ውስጥ ብቻዬን ተቀመጥኩ። ያን ቀን የሳቁት ዛሬ በየአገሩ ተበትነው ያስተምራሉ። ስለ ሸርጣን ሲደርሱ፣ ተማሪዎቻቸውን ፈገግ ለማሰኘት፣ የደዶን ሸርጣን ከባሕር አመጣሁ ስላሉ አንድ ሽማግሌ ጥበቃ ያወሩ ይሆናል። ያስተማርኳቸው እኔ ነኝ።