ደረቁን ውቀጪ ያልኩሽ እኔ ነኝ

ውሸት ነው ብዬ ስልኩን ዘጋሁት። ከማኅበሩ ሴቶች አንዷ፣ ሐዋ፣ መልሳ ደወለች። በአማርኛ የነገረችኝ አልገባኝ ሲል በኦሮምኛ ደገመችልኝ። ዘሃራ ዛሬ ሱብሂ ሶላት ላይ አርፋ የቀትሩ ዙህር ሳይደርስ ተቀብራለች። አሁንም አላምንም። ከሚሴ ውስጥ ሰው ሲሞት ቀድማ የምትደውልልኝ እሷ ነበረች እኮ።

ይሄን ገጼ ላይ የምጽፈው ሸዋ ሮቢት ሆኜ ነው። የሚኒባሱ ጎማ ተንፍሶ መንገድ ዳር ቆመናል። እስክደርስ ልቆይ ብል አልቻልኩም። ለቅሶ ቤት ከገባሁ ደግሞ አፌ እንደማይከፈት ራሴን አውቀዋለሁ።

ለማታውቋት፣ እትዬ ዘሃራ ከሚሴ በሴቶች ማኅበራችን ውስጥ ጨሌ ትሠራ ነበር። ከመንገድ ዳር ሆቴሎች የተጣለ ጠርሙስ እንሰበስባለን፣ አጥበን በብረት ሙቀጫ እንወቅጣለን፣ በወንፊት እንነፋለን። ዱቄቱን ጉድጓድ ጉድጓድ ባለው የሸክላ ሰሌዳ ሞልተን እሳት ውስጥ እንከታለን። ሲቀልጥ መሐሉን በወስፌ በስተን የአንገትና የእጅ ጌጥ እናደርገዋለን። አረንጓዴውን ሰንበቴ ገበያ ላይ የአፋር ሴቶች ይሻሙት ነበር።

እኔ አሠልጣኝ ተብዬ ነው የመጣሁት። የሃያ አራት ዓመት ልጅ፣ አዲስ አበባ ሦስት ሳምንት ተምሬ፣ ሁሉን የማውቅ መስሎኝ። የመጀመሪያ ቀን "እርስዎ" ስላት ሳቀችብኝ። "አንቺ በይኝ፣ ኢንተላ ኮ፣ ገና ጥርሴ አልረገፈም" አለችኝ። ልጄ ማለቷ ነው። ከዚያን ቀን ጀምሮም ልጇ ሆንኩ።

ጠርሙሱ አብዛኛው የቢራ ነበር። ሁለት ሦስት ሴቶች ሐራም የነካውን አንነካም ብለው ተነሡ። ሼህ ይጠየቅ ተባለ፣ ነገሩ ሊካረር ሆነ። ዘሃራ ስባሪ የሞላውን ማዳበሪያ ተሸክማ ቦርከና ወንዝ ወረደች። እያንዳንዱን ስባሪ ሰባት ሰባት ጊዜ አጥባ መጣችና አፍንጫቸው ስር እየወሰደች አስሸተተቻቸው። የሰከረች ካለች ትንገረኝ አለች። ሳቅ በሳቅ ሆነን ሥራ ጀመርን።

"ተይው፣ ይቅላ" ከአፏ አይጠፋም ነበር። ጨሌው በደንብ ሳይግል ላወጣው ስቸኩል እጄን መታ ታደርገኝና "ተይው፣ ይቅላ" ትለኛለች። ሻይ ሲዘገይም፣ የቀበሌ ስብሰባ ሲረዝምም፣ ሰው ልጁን ለመዳር ሲጣደፍም ይቺኑ ነው የምትለው።

አሁን ወደሚከብደኝ ልምጣ።

ሲያሠለጥኑኝ ጠርሙስ ስትወቅጡ ውኃ አርከፍክፉበት፣ አፍና አፍንጫችሁን ሸፍኑ ብለውኛል። በደብተሬ ጽፌዋለሁ። ከሚሴ ስመጣ ግን እርጥቡ ዱቄት ወንፊት አላልፍ አለ። እስኪደርቅ ቀን ይፈጃል። ያመጣሁት የአፍ መሸፈኛም በወሩ አለቀ። ለባዛር ልናደርስ ቸኩለን ነበርና ደረቁን ውቀጡት፣ በሻሽ ተከናነቡ አልኩ። እኔው ነኝ ያልኩት፣ ማንም አላዘዘኝም።

አንድ ቀን ዘሃራ ከሙቀጫው ቀና አለች። ቅንድቧ ነጭ፣ ሽፋሽፍቷ ነጭ። ወፍጮ ቤት የዋለች ነው የምትመስለው።

"ኢንተላ ኮ፣ ይሄ አቧራ ክፉ ነው እንዴ?"

"ኧረ ምንም አይልም" አልኳት። "ጠርሙስ እኮ ነው፣ መርዝ አይደለም።"

አየት አደረገችኝ። ከዚያ ሐዋንና አንዷን አራስ ከሙቀጫው አስነሣቻቸው። "እናንተ ጡት ታጠባላችሁ፣ ሂዱ ክር ሰኩ። እኔ ወልጄ ጨርሻለሁ" አለች። ከዚያ በኋላ ሁለት ዓመት ሙሉ የሁላችንንም ጠርሙስ ብቻዋን ወቀጠችው።

አምናኝ ነበር? ወይስ ውሸቴን አይታ ነው ዝም ያለችው? ስንት ዓመት ሙሉ ይሄን ሳሰላስል ኖርኩ። አዲስ አበባ ጎረቤቴ በርበሬ መውቀጥ ስትጀምር መስኮት እዘጋለሁ። ዘሃራ ቅንድቧ እንደነጣ ደጄ ላይ ቆማ መልስ የምትጠብቅ ይመስለኛል፣ በጠራራ ፀሐይ። ዞር ብዬ ማየት የምፈራበት ቀን አለ።

ሳሉ የጀመራት እኔ ሥራ ቀይሬ ከሄድኩ በኋላ ነው። መጀመሪያ ብርድ ነው ተባለ፣ ቀጥሎ ጭስ ነው ተባለ። ከአቧራው ነው ብሎ የነገረኝ ሐኪም የለም። ልቤ ግን አንድ ቀንም አላረፈም። ልጠይቃት በሄድኩ ቁጥር ዛሬስ እነግራታለሁ እላለሁ፣ ወሬ ይዞን ይሄዳል፣ እመለሳለሁ። ፈሪ ነኝ፣ ሌላ ስም የለውም።

ዘንድሮ ረመዷን ሊገባ ሲል ደወለች፣ እንደ ወጉ አውፍ፣ ይቅር ልንባባል። ትንፋሽ አጥሯት ቃሉን እየቆራረጠች "አውፍ በይኝ፣ ባወቅኩትም ባላወቅኩትም" አለችኝ። እሷ ምን በድላኝ? አውፍ ብያለሁ፣ አንቺም አውፍ በይኝ አልኳት። "ብያለሁ፣ ለአላህ ብዬ" አለች። ያኔ ነበር መናገር የነበረብኝ። ሰው ሁሉ በዚያ ሰሞን የሚለውን ብዬ፣ ለልጆቿ ሰላምታ ልኬ ስልኩን ዘጋሁ።

ፎዚያ፣ የእናትሽ ስልክ አንቺ ጋ ነውና ይሄን ሳልደርስ ታነቢዋለሽ። ከበራችሁ ብትመልሺኝ አልቀየምሽም። የማኅበሩ እህቶቼ፣ እስካሁን የምትወቅጡ ካላችሁ ውኃ አድርጉበት። እስኪደርቅ ይቆይ፣ ገበያው ይለፍ።

ሹፌሩ እየጠራን ነው።

እትዬ፣ አላህ ቀብርሽን ያስፋልሽ፣ ብርሃን ያድርግልሽ። ለጠየቅሽኝ መልሱ አዎ ነው። ክፉ ነበር፣ አውቅም ነበር። ያንን አውፍታሽን እንደ አውፍታ አልቆጥረውም፣ ለምን እንደሆነ አልነገርኩሽምና። ነግሬሽ ቢሆን ምን ትይኝ እንደነበር ከዛሬ ወዲያ የምጠይቀው ሰው የለኝም። ደህና ሁኚ፣ እናቴ።