በመዳፍ የተቀመሰ ጠላ

ከደብረ ታቦር የወጣሁት ዶሮ ሲጮህ ነው። በቅሎው ተጭኗል፤ ንጉሡ መድፍ በሚያሠሩበት በጋፋት ወናፍ እየነፋሁ ያገለገልኩት ጀርመናዊ ጌታዬ ወደ አገሩ ሊወስደኝ ደጅ ቆሞ "ቶሎ በል!" ይላል። እማዬ ምን አስቸኮላት! ጋኗን ከፍታ ጠላ ቀዳች፤ በመዳፏ ጠብ አድርጋ ቀመሰችና ዋንጫውን ሰጠችኝ። ይህ እንግዳ መርዝ እንዳይጠረጥር የሚደረግ ነው። ለልጅ ማን ይቀምሳል?

"ምነው እማዬ፣ ጠረጠርኩሽ እንዴ?" አልኳት እየሳቅሁ።

"ከዛሬ ወዲያ እንግዳ ነህ።"

"ሁለት ዓመት ብቻ ነው፤ እመጣለሁ!"

እሷ አልሳቀችም።

የምጥዋን ሙቀት አልነግራችሁም፤ የጉናን ብርድ ስረግመው የኖርኩ ሰው እዚያ ናፈቅሁት። መርከብ ላይማ አንጀቴ እስኪወጣ አስመለሰኝ። ጀርመን ስንደርስ ዳቦው ጥቁር፣ ሰላምታው አጭር ሆነብኝ። "እንዴት አደርክ" ይሉና መልሱን ሳይሰሙ ያልፋሉ። እኛ ከብቱን ሳይቀር እንጠይቅ የለም?

ሁለቱ ዓመት አልፎ ሦስተኛው ሲጋመስ፣ ጌታዬ ዘመድ ሊጠይቅ ባምበርግ ወደምትባል ጥንታዊ ከተማ ይዞኝ ሄደ። ከተማዋ በጠመቃ የታወቀች ናት። ግን ብቅሉን የሚያገላብጡት ጢማም ወንዶች ናቸው፤ የሰፈራችን ሴቶች ቢያዩ በሳቅ ይሞቱ ነበር። በጌሾ ፈንታ ሆፕፈን የሚሉትን የሐረግ አበባ ይጨምራሉ፤ ብቅሉን ደግሞ በእንጨት ጭስ ያደርቁታል።

የገባንበት መጠጥ ቤት ባለቤት፣ አንዲት ወፍራም ሴትዮ፣ ቢር የሚሉትን ጠላቸውን ቀድታ ፊቴ አስቀመጠች። ሳልነካው ጠበቅሁ።

"ለምንድን ነው የማትጠጣው?"

"እርስዎን እየጠበቅሁ ነው። ይቅመሱልኛ!"

ፊቷ ቀላ። "አያቴ ከቀዳችበት ጊዜ ጀምሮ እዚህ ቤት ጠጥቶ የሞተ የለም!"

ጌታዬ እየሳቀ ልማዳችንን ነገራት። ሴትዮዋም መዳፏ ላይ አፈሰሰች፤ ግማሹ እጅጌዋ ውስጥ ገባ፣ የቀረውን ላሰችው።

"ይኸው፣ አልሞትኩም! ጠጣ!"

ጠጣሁ። ጭስ ጭስ አለኝ፤ በወይራ የታጠነው የእማዬ ጋን ራሱ! እንባዬ ዱብ ዱብ አለ። ሴትዮዋ የመረረኝ መስሏት ስኳር ልታመጣ ተነሳች።

ስንመለስ ጌታዬ፣ "ያገርህ መንገድ በጦርነት ተዘግቷል። ለምን እዚሁ አትኖርም?" አለኝ። ያቺ ሴትዮ ቀምሳ የሰጠችኝ እንግዳ ስለሆንኩ ነው፤ ደግ አደረገች። የእማዬ መዳፍ ግን እስከ ዛሬ ያቃጥለኛል።

መሪጌታ፣ ይህን ደብዳቤ ሲያነቡላት ድምፅዎን ከፍ ያድርጉላት፤ ጆሮዋ ከብዷል። እማዬ፣ መቼ እንደምመጣ አላውቅም። የመጣሁ ዕለት ግን እጅሽን አታርጥቢ። ዝም ብለሽ ቅጂልኝ።